አቼቶ፣ ምጣድ እና አንድ ደቂቃ

ሁለት ጊዜ ቀጠሮ ይዤ ሁለቴም ቀርቻለሁ። በመጀመሪያው ቀን ሥራ በዛብኝ አልኩ። በሁለተኛው ቀን ዝናብ ያዘኝ አልኩ። ሥራውም ዝናቡም ውሸት አልነበሩም። ያስቀሩኝ ግን እነሱ አይደሉም። ያስቀረኝ ፍርሃት ነው።

ምርመራው የማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ ነው። በአገራችን ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶች እንዲያደርጉት ይመከራል። እኔ 41 ዓመቴ ነው። 11 ዓመት ሙሉ «ዘንድሮስ እሄዳለሁ» ስል ኖሬያለሁ ማለት ነው።

ሩቅ ነው እንዳልል፣ ጤና ጣቢያው ሩቅ አይደለም። የምኖረው አራት ኪሎ ነው፤ እሱ ደግሞ ፒያሳን አለፍ ብሎ ወደ ጊዮርጊስ ነው። ረጋ ብሎ ለሚሄድ ሰው ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ገንዘብ የለኝም እንዳልል፣ የተመረመርኩት በነጻ ነው።

ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ አውቀዋለሁ። ከአክስቴ ነው። የአባቴ ታላቅ እህት ናት። ለሕክምና ከደብረ ብርሃን ስትመጣ እኛ ቤት አረፈች። ያኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ። ሕመሟ ሲታወቅ ብዙ ርቆ ሄዶ ነበር። ለጨረር ወደ ጥቁር አንበሳ የማመላልሳት እኔ ነበርኩ። በዚያን ጊዜ በአገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው እዚያ ብቻ ነበር። ከየክፍለ ሀገሩ የመጣው ሰው አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጦ ተራውን ይጠብቃል። አክስቴ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ ዝም ትላለች።

አንድ ነገር ግን እስከ ዛሬ ከዓይኔ አይጠፋም። ከሐኪሙ ክፍል አብረን እንወጣለን። በሩ ሳይዘጋ ክንዴን ትይዘኝና «ምን አለ?» ትለኛለች። አጠገቤ ተቀምጣ ነበር እኮ። ሐኪሙ ያናገረው እሷን ነበር። ግን አንድም ቃል አልሰማችም። እኔም አዝኜ ግማሹን ነግሬያት ግማሹን እውጠው ነበር። የበሽታውን ስም አንድም ቀን ጠርታው አታውቅም። «ይሄ ነገር» ነበር የምትለው። ለቅሶዋ ላይ እንኳን ስሙን ያነሳ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ በቸርችል ጎዳና ሳልፍ ወደ ሆስፒታሉ በኩል ላለማየት ፊቴን የማዞር አመል አመጣሁ። ታክሲ ውስጥ ሆኜም አዞራለሁ።

አያቴ ደግሞ «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» ትል ነበር። ይህ አባባል ልጅ ሆኜ ነው ውስጤ የገባው። በሽታውን ካሰብኩት የምጠራው ይመስለኝ ነበር። መመርመር ደግሞ ከማሰብም የባሰ ነው። ሄዶ በሩን ማንኳኳት ነው። አያቴን እወዳታለሁ፤ በዚህ ነገር ግን አልስማማም። ለመለየት ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል እንጂ አሁን አልስማማም።

በሽታው በፍርሃት አይመጣም። የሚያመጣው ኤች ፒ ቪ የሚባል ቫይረስ ነው። ይህን ያረጋገጠው ጀርመናዊው ሃራልድ ሱር ሀውሰን እ.ኤ.አ. በ2008 የኖቤል ሽልማት ተካፍሎበታል። ቫይረሱ በጣም የተለመደ ነው። ትዳር ወይም ፍቅረኛ ኖሮት ከሚያውቅ ሰው አብዛኛው በሆነ ጊዜ ያገኘዋል፤ አብዛኛውም ሳያውቀው ሰውነቱ በዓመት በሁለት ዓመት ያጠፋዋል። ስለዚህ የማንንም ጠባይ አይናገርም። ይህን የምለው ብዙ ሴቶች ሀፍረቱ ከፍርሃቱ በላይ እንደሚያስቀራቸው ስለማውቅ ነው። ቫይረሱ ሳይጠፋ የቀረባት ሴት ላይም ቢሆን፣ የበሽታ መከላከል አቅሟ ደህና ከሆነ፣ ወደ ካንሰር ለመድረስ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጅበታል። ይህን ባነበብኩ ቀን ብዙ አሰብኩ። 15 ዓመት! አክስቴን ከደብረ ብርሃን አንድ ቀን ቀደም ብሎ የሚያመጣት ሰው ቢኖር ኖሮ ብዬ።

የእህቴ ልጅ የዚህን ቫይረስ መከላከያ ክትባት ትምህርት ቤት ተከትባለች። ክትባቱ በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ሲጀምር እኔና እኩዮቼ ዕድሜያችን አልፎ ነበር። ለእኛ የቀረልን መመርመር ነው።

ይህን ሁሉ አውቄም ቀጠሮ እቀር ነበር። ዕውቀት ብቻውን አላስነሳኝም።

ማይንድፉልነስ የሚለውን ቃል የሰማሁት መሥሪያ ቤታችን ባዘጋጀው ስልጠና ላይ ነው። ያስተማረችን የሥነ ልቦና ባለሙያ በአማርኛ «ቀልብን መሰብሰብ» አለችው። ይሄ አጠራር ደስ አለኝ። ቀልብ የሚገፈፍ፣ የሚበተን፣ የሚሰበሰብ ነገር መሆኑን ከሕፃንነታችን ጀምሮ እየሰማን ነው ያደግነው። በሐኪም ቤት ሥራ ላይ ያዋለው ጆን ካባት ዚን የሚባል አሜሪካዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ይህንን ማስተማር ጀመረ። ወደ እሱ የሚላኩት ሕመማቸው አልለቅ ያላቸው ሰዎች ነበሩ። ትምህርቱ ሕመሙን አጠፋላችኋለሁ አይልም። ሕመሙ እያለ እንዴት እንደሚኖሩ ነው የሚያለማምደው።

ሥሩ ከቡድሂስቶች የመጣ ስለሆነ መጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር። ከእምነቴ ጋር ይጋጭ ይሆን ብዬ። ስሞክረው ግን የምሠራው ነገር እግሬን ልብ ማለት፣ ትንፋሼን ልብ ማለት ነው። ማንንም አልጠራበትም። ጸሎቴን ለብቻው እጸልያለሁ። እንዲያውም «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» እያልኩ በጣቶቼ ስቆጥር ድሮ ሐሳቤ ገበያ ደርሶ ይመለስ ነበር። አሁን ቶሎ እነቃበታለሁ።

በሦስተኛው ቀጠሮ ዋዜማ፣ ረቡዕ ማታ፣ እንጀራ ጋገርኩ። ሊጡ ደርሶ ስለነበር እንጂ አስቤበት አልነበረም። መብራትም ነበር። ሆዴ ግን ከሰዓት ጀምሮ ባር ባር ሲለኝ ነው የዋለው።

ምጣዱን አሰስኩ። ሊጡን ከዳር ጀምሬ እያዞርኩ አፈሰስኩ። ከዚያ ዓይኖቹን ማየት ጀመርኩ። መጀመሪያ ዳር ላይ አንድ ሁለት ይከፈታሉ። ቀጥሎ መሐሉ በአንዴ ይሞላል። ክዳኑን መድፋት ያለብሽ ያኔ ነው። ቀድመሽ ከደፋሽው ዓይን ሳያወጣ ይቀራል፤ ከዘገየሽ ይደርቃል። ሐሳቤ «ነገ ቢገኝብኝስ?» ብሎ ሲሄድ አንደኛው እንጀራ ተቃጠለ። ሐሳቤን መልሼ ዓይኖቹ ላይ አደረግሁ። በሚቀጥለው እንደገና ሄደ፤ እንደገና መለስኩት። አስራ አምስት እንጀራ እስኪያልቅ ሲሄድና ስመልሰው አመሸን። ባለሙያዋ ስትነግረን ያልገባኝ ያኔ ገባኝ። ልምምዱ ሐሳብ እንዳይሄድ መከልከል አይደለም። መሄዱን አውቆ መመለስ ነው። እናቴ ምጣድ ላይ አጠገቧ አስቀምጣ ስታስተምረኝ «ልብሽ ምጣዱ ላይ ይሁን» ትለኝ የነበረው ይሄንኑ ነው።

እንቅልፍ እንደልቤ አልወሰደኝም። ሌሊት ስነቃ 4 እየቆጠርኩ አየር አስገብቼ 6 እየቆጠርኩ አስወጣሁ። አየር ስናስገባ የልብ ምት በትንሹ ይፈጥናል፤ ስናስወጣ ይዘገያል። ከአንጎል ሥር ተነስቶ እስከ ልብና ሆድ የሚወርድ ቫገስ የሚባል ነርቭ አለ፤ ማስወጫው ረዘም ሲል እሱ ነው ልብን ረጋ የሚያደርገው። ሦስት አራት ደቂቃ ከሠራሁት በኋላ ትከሻዬ ወረደ። ፍርሃቱ ቦታው ላይ ነበር። ትከሻዬ ግን ወረደ።

ጠዋት በእግሬ ሄድኩ። ከአራት ኪሎ ቁልቁል ወደ ራስ መኮንን ድልድይ፣ ከዚያ ሽቅብ ወደ ፒያሳ። ስሄድ የእግሬን መሬት መንካት ብቻ ልብ እላለሁ ብዬ ነበር። ፒያሳ ላይ አልተሳካልኝም። በ2016 ዓ.ም. የፈረሱት ቤቶች የነበሩበት ጋ ስደርስ ሐሳቤ ወደ ኋላ ሸሸ። ከአክስቴ ጋር አንድ ቀን ከሕክምና ስንመለስ እዚያ አካባቢ ሻይ ጠጥተን ነበር። ቤቱ የለም። መንገዱ ሰፍቷል፤ የዓድዋ ድል መታሰቢያው ቆሟል። እንባዬ መጣ። ለመመለስ አልቸኮልኩም። «ይሄ ሐዘን ነው» አልኩ ለራሴ። ሐዘንና ፍርሃት እየተቀላቀሉብኝ እንደኖሩ ያወቅሁት እዚያ መንገድ ላይ ነው።

ካርድ አውጥቼ ስጠብቅ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሆነ። አግዳሚው ላይ ሰባት ሴቶች ነን። ማንም ማንንም አያይም። ልቤ ትር ትር ይላል፤ እጄ ቀዝቅዟል። ትንፋሼን ልከተል ስል ባሰብኝ። ትንፋሼን ባየሁት ቁጥር አየር ያጠረኝ መሰለኝ። ይሄ በሌሎችም ላይ ይደርሳል። ባለሙያዋ አስቀድማ ነግራን ነበር፤ ትንፋሽ ካስጨነቃችሁ ተዉትና ወደ እግራችሁ ሂዱ ብላ። ወደ እግሬ ሄድኩ። የግራ አውራ ጣቴ ጫማዬ ውስጥ ታጥፏል። ዘረጋሁት። ተረከዜ ሲሚንቶው ላይ ነው። አግዳሚው ጀርባዬን ይነካኛል። ቀጥሎ ወደ ድምፅ ሄድኩ። ካርድ ክፍል ማኅተም ይመታል። ሕፃን ያለቅሳል። ውጭ መቆፈሪያ ይጮኻል።

ከዚያ ወያላው ተሰማኝ። «አራት ኪሎ፣ አራት ኪሎ፣ አንድ ሰው!»

ወደ ቤቴ የሚሄድ ታክሲ ነው። አንድ ሰው ብቻ ቀርቶታል። እጄን ሳየው ቦርሳዬን ጨብጧል። ግማሽ ከመቀመጫዬ ተነስቻለሁ። መነሳቴን አላወቅሁም ነበር። ባለፉት ሁለት ቀጠሮዎች የቀረሁትም እንደዚህ ነው፤ ወስኜ አልነበረም፤ እጄና እግሬ ነበሩ የወሰኑልኝ። ይህን ጊዜ ግን አየኋቸው። «ልሄድ ነው» አልኩ በልቤ። ስሙን ስጠራው ትንሽ ጊዜ አገኘሁ። ቦርሳዬን ጭኔ ላይ መልሼ አስቀመጥኩ። ታክሲው ሰው ሞልቶ ሄደ።

ቀልብ መሰብሰብ ምን አደረገልሽ የሚለኝ ሰው ካለ፣ ቢያንስ ያንን ታክሲ እንዳልሳፈር አድርጎኛል እላለሁ።

ሲስተር ስሜን ጠራች። ወጣት ናት። «የኔ እናት፣ ግቢ» አለችኝ። ከመተኛቴ በፊት በጣም እንደፈራሁ ነገርኳት። ይህን መናገር እንዲህ ይረዳል ብዬ አላሰብኩም ነበር። «ካመመሽ ወይ ካስጨነቀሽ እጅሽን አንሺ፤ ወዲያው አቆማለሁ» አለችኝ። ጨርቅ አልብሳኝ የምትሠራውን ሁሉ ከመሥራቷ በፊት ነገረችኝ። ሁሉም ባለሙያ እንደዚህ ቢያደርግ እመኛለሁ። ካላደረጉ ደግሞ ጠይቁ። የራሳችሁ አካል ነው።

ስንፈራ የማህፀን አካባቢ ጡንቻዎች ሳናውቃቸው ይኮማተራሉ። የማህፀን በሩን ለማየት የሚገባው የመክፈቻ መሣሪያ የሚያስጨንቀው በአብዛኛው ያኔ ነው። ጥርሴን ነክሼ እንደነበር አወቅሁ። መንጋጋዬን ለቀቅሁት። ምላሴ ላንቃዬ ላይ ተጣብቆ ነበር፤ አወረድኩት። የእግሬን ጣቶች ዘረጋሁ። ወገቤ አልጋው ላይ ሲያርፍ ተሰማኝ፤ ለካ እስካሁን አየር ላይ ይዤው ነበር። «አሁን» ስትለኝ ረጅም ትንፋሽ አስወጣሁ። ቅዝቃዜ ተሰማኝ። ቀጥሎ መወጠር። ሕመም ብዬ የምጠራው አልነበረም።

«አቼቶ ነው የምቀባሽ» አለችኝ። «ሰላጣ ላይ የምታደርጊው ዓይነት፤ ይሄኛው ተለክቶ የተዘጋጀ ነው።»

እንደዚህ ቀላል መሆኑን አላውቅም ነበር። የሚቀባው ከ3 እስከ 5 በመቶ የሆነ አሴቲክ አሲድ ነው። ጤነኛው ቦታ መልኩ እንዳለ ይቆያል። የተለወጠ ሴል ካለ ነጭ ይሆናል። አንድ ደቂቃ ተጠብቆ በዓይን ይታያል። ውጤቱ እዚያው ይነገራል።

አንድ ደቂቃ ብቻ ነው። እኔ ግን 11 ዓመት የሸሸሁት እሱን ነው። ጣሪያውን አየሁ። የእርጥበት ምልክት አለበት፤ ዳሩ ቡናማ ነው። እጄ ሆዴ ላይ ነው፤ ሆዴ ሲነሳና ሲወርድ እጄን ይዞት ይነሳል፤ ይዞት ይወርዳል። «ቢኖርስ» የሚለው ሐሳብ መጣ። መጣህ አልኩት። ወደ እጄ ተመለስኩ። ደግሞ መጣ። ደግሞ ተመለስኩ። ልክ እንደ ማታው።

ሲስተር ዝም ብላ አየች። ከዚያ ባልደረባዋን ጠራች።

እዚህ ላይ ተረጋግቼ ነበር ብል ውሸት ነው። ሁለቱ ሲንሾካሾኩ በአንዴ የአክስቴን ነጠላ አየሁ። ልጆቼን አየሁ። ለቅሶ ቤት አየሁ። ጆሮዬ ጭው አለ። ያኔ ማድረግ የቻልኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። የአልጋውን ጠርዝ በእጄ ያዝኩ። ብረቱ ቀዝቃዛ ነው። ቅዝቃዜውን ያዝኩት። «እየሰማሁሽ ነው፤ ንገሪኝ» አልኳት።

ሦስት ነገር ነገረችኝ። አንደኛ፣ ትንሽ ነጭ ምልክት አለ። ሁለተኛ፣ ይሄ ካንሰር አይደለም፤ ካልታከመ ከዓመታት በኋላ ወደዚያ ሊሄድ የሚችል ለውጥ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛ፣ ዛሬ እዚሁ በሙቀት ማከም ይቻላል፤ ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ጊዜ ይወስዳል፤ እንደ ወር አበባ ቁርጠት ሊሰማሽ ይችላል።

ሦስቱንም ሰማሁ። አሁንም ቃል በቃል እደግመዋለሁ። ጥያቄ ሁሉ ጠየቅሁ። ልጅ መውለድ ይከለክላል ወይ አልኩ፤ አይከለክልም አለችኝ። ክንዱን ይዤ «ምን አለች?» የምለው ሰው አብሮኝ አልመጣም ነበር። አላስፈለገኝምም። አክስቴ ደካማ ስለነበረች አይደለም ያልሰማችው። ፍርሃት ጆሮዋን ይዞባት ነው። ፍርሃቷን ይዛ እንዴት መስማት እንደሚቻል ያሳያት ሰውም አልነበረም፤ እኔን ጨምሮ።

ሕክምናው እንዳለችው ነበር። ቁርጠቱ መጣና ሄደ። ለ4 ሳምንት ከግንኙነት እንድታቀብ፣ ውሃ የመሰለ ፈሳሽ ቢኖር እንዳልደነግጥ፣ ትኩሳት ወይም ብዙ ደም ወይም መጥፎ ሽታ ካየሁ ግን ወዲያው እንድመለስ ነገረችኝ። ከዓመት በኋላ ደግሞ እንደገና እንድታይ ቀጠሮ ሰጠችኝ።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ትንፋሽ መቁጠር ነጩን ምልክት አያይም፤ አያጠፋምም። ያጠፋው የሲስተር እጅ ነው። ተረጋጋሁ ብሎ ቤት ለሚቀር ሰው መረጋጋቱ ራሱ አደጋ ይሆናል። እኔም ስልጠናውን ከወሰድኩ በኋላ ጥቂት ወራት «አሁንማ ደህና ነኝ» ብዬ ቀጠሮ ሳልይዝ ቆይቻለሁ። ጭንቀቱ ከአቅሙ በላይ የሆነበት፣ እንቅልፍና ምግብ የከለከለው ሰው ደግሞ ብቻውን ከመታገል ባለሙያ ቢያናግር ይሻለዋል።

ማታ ለታናሽ እህቴ ደወልኩላት። 34 ዓመቷ ነው፤ ተመርምራ አታውቅም። ሁሉንም ነገርኳት። የበሽታውንም ስም ጠራሁት። ስልኩ ውስጥ ረጅም ዝምታ ሆነ።

«ያማል?» አለችኝ።

«ይወጥራል። አያምም። ቀዝቃዛ ነው።»

«እኔ እኮ እፈራለሁ።»

«እኔም ፈርቻለሁ። እግርሽ አሁን የት ነው?»

«ምን?»

«እግርሽ። ምን ላይ ነው ያለው?»

ትንሽ ቆየች። «ምንጣፍ ላይ» አለች። «ባዶ እግሬን ነኝ። በርዶኛል።»

«እሺ። እዚያው ሁኚ» አልኳት። «ሐሙስ ጠዋት 2 ሰዓት ጊዮርጊስ በር ላይ እጠብቅሻለሁ።»

«ዝናብ ቢሆንስ?»

«ጃንጥላ ይዤ እመጣለሁ።»